ጀርባውን አታልብሱት

ባለፈው ቅዳሜ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ስወጣ መንገድ ዳር ችግኝ ከደረደረ ሰው ፊት ቆምኩ። ልቆም አስቤ አልነበረም፤ ቸኩያለሁ፣ ዕቃ ይዣለሁ፣ ጋሪና ሰማያዊ ታክሲ እየተጋፉ መንገዱን ዘግተውታል። ያቆመኝ ሽታ ነው። ማር ማር የሚል፣ ከማሩ ኋላ ደግሞ የሎሚ ልጣጭ በጥፍር ሲፋቅ የሚወጣውን የመሰለ ቀጭን ሽታ። ዞር ስል ከጽጌረዳውና ከጽዱ ችግኝ መካከል፣ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ሽቅብ የቆመ፣ አንገተ ረጅም ቢጫ አበባ አየሁ። ከአበባው ቅጠሎች ሦስቱ ወደ ላይ ተጠጋግተው እንደ ተገጠመ መዳፍ ሆነዋል፤ ሦስቱ ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ በተዘረጉት በእያንዳንዳቸው ላይ ብርቱካን መልክ ያለው ጢም በቅሏል። ጢም ነው፣ ሌላ ስም አላውቅለትም።

ጎንበስ ብዬ ሥሩን አየሁ። ሰውዬው እስከ አንገቱ ድረስ በፍግ ቀብሮታል። ምን እንደማደርግ ሳላስብ ዕቃዬን መሬት አስቀምጬ ፍጉን በጣቴ እየጫርኩ ማንሳት ጀመርኩ።

«ወንድም፣ ምን ጠፋህ እዚያ ውስጥ?» አለኝ ሰውዬው።

«ጀርባውን እየገለጥኩለት ነው።»

«አበባ ደግሞ ጀርባ አለው? እኔ ከነልብሱ ነው የምሸጠው። ማራቆት ካማረህ ገዝተህ ቤትህ ውሰደው።»

አጠገቡ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ ሳቀች። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ከዚያ ግን ዕቃዬን አንስቼ፣ ምንም ሳልገዛ ሄድኩ።

ስለ እህቴ ስለ እልፍነሽ ጽፌ አላውቅም። ሁለተኛ ደረጃ እስክጨርስ ድረስ ድርሰት ጻፉ በተባልን ቁጥር ስለ ክረምትና ስለ ትምህርት ጥቅም ነበር የምጽፈው። አሁንም ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ከቤቱ ልጀምር።

ቤታችን ከሲኒማ ራስ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባውን ለምን አለሽ ተራ የሰጠ ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢ ይባል እንጂ ክፍሎቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ፣ ጭቃና ቆርቆሮ የተቀላቀለበት፣ አንዱ ቤት ሰው ሲያነጥስ ከሚቀጥለው ቤት ይማርህ የሚባልበት መንደር ነበር። ከጧት እስከ ማታ መዶሻ አይቋረጥም፤ አሮጌ በርሜል ወደ ምድጃነት፣ የዘይት ቆርቆሮ ወደ ኩራዝና ወደ ማንቆርቆሪያነት የሚለወጠው እኛ ጆሮ ሥር ነው፤ እሑድ መዶሻው ሲያርፍ ዝምታው ራሱ ይረብሸን ነበር። በአንድ ግድግዳ የምንጎራበታቸው ጋሽ ሸምሱ ከቆርቆሮ ሠሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ በሂና የሚቀቡት፣ እሳት የመሰለ፣ በጣም የሚኮሩበት ጢም ነበራቸው። ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ከእናቴ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ነገር ግን ግቢውን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ባለቤቱ ሳያውቅ እሳቸው ያውቃሉ።

እናቴ ወለቴ ከጉራጌ አገር የመጣች ቅቤ ነጋዴ ነበረች። አባታችን እኔ ስድህ ነው የሞተው፤ ቤቱን የያዘው ቅቤው ነው። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ከአገር ቤት ሲመጣ ክፍላችን ውስጥ ከአልጋው ሥር ይቀመጣል፤ በግቢው ውስጥና በዙሪያው ያሉ ሴቶች ሁሉ ደንበኞቿ ነበሩ። ልብሴ፣ ደብተሬ፣ የጸጉሬ ሥር ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይል ስለነበር በክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ጾም በገባ ቁጥር «አንተ አታስፈስከኝ፣ ወደዚያ ጠጋ በል» ይለኝ ነበር።

ፀሐይ ግቢያችን ውስጥ እንግዳ ነበረች። ጣራ ከጣራ ስለተጋጠመ የምትገባበት የላትም። ረፋዱ ላይ ከጋሽ ሸምሱ ጣራ በላይ ብቅ ትልና ከበራችን ራቅ ብሎ፣ እንደ ሰሌን የተዘረጋች አንዲት ቁራጭ መሬት ላይ ትጥላለች። ቁራጯ ቀስ እያለች ወደ ውኃው ቧንቧ ትሄዳለች፣ ከቧንቧው ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ትወጣለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ልብስ የሚያሰጣ፣ በርበሬ የሚያሰጣ፣ ልጅ የሚያጥብ ሁሉ በዚያች ቁራጭ ነበር የሚጣላው።

እልፍነሽ ከእኔ በብዙ ትበልጠኛለች። እታለም ነበር የምላት። ወደ አራት ኪሎ አካባቢ ከአንዲት አርመን ማዳም ቤት ትሠራ ነበር፤ አልፎ አልፎ እሑድ ስትመጣ ከእኛ ሽታ የተለየ የሳሙና ሽታ ይዛ ትገባና የማዳምን አነጋገር እየቀዳች ታስቀን ነበር። እናቴ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ሳቋን እየደበቀች፣ «ተዪ፣ እንጀራ ያበላችሽን ሴት» ትላት ነበር።

አንድ ቀን ግን፣ ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ በሥራ ቀን ሳጥኗን ይዛ መጣች። ስትስቅ ሳል ያቋርጣት ጀመር። ማዳም ሐኪም ቤት ወስደዋት ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ ቤታቸው ውስጥ ትንንሽ የልጅ ልጆች ስላሉ እንደማይቻል ነግረዋት፣ እሳቸው እያለቀሱ እሷ እያባበለቻቸው ተለያይተው ነው የመጣችው። ሲሰነባበቱ ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቋት ከአትክልቱ ቦታ ያንን ቢጫ አበባ አለች። ማዳም በገዛ እጃቸው ቆፍረው፣ ቅጠሉን አሳጥረው ቆርጠው፣ በጋዜጣ ጠቀለሉላት። ጋዜጣው ሲፈታ ዝንጅብል የመሰለ፣ ከዝንጅብል ግን የወፈረ ቁራጭ ነው፤ በአንድ ጫፉ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አጭር ቅጠል ወጥቶለታል። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ይበላል?» አለች።

እልፍነሽ ወገቧን ይዛ፣ ማዳምን ሆና መለሰችላት። «ይሄ፣ ጀርባ፣ ልብስ የለም። ፀሐይ፣ ብዙ። ውኃ፣ ትንሽ ትንሽ። እግር እርጥብ፣ ይሞታል።»

ሳቅን። ከዚያ እሷን ሳል ያዛት፤ እኛ ሳቃችንን አቆምን።

ሐኪሙ ለእናቴ የሳንባ ነቀርሳ ብሎ ነው የነገራት። መርፌ በየቀኑ፣ ወተት፣ ዕረፍት፣ አየር፣ ፀሐይ። እናቴ ያንን የበሽታ ስም ከሐኪም ቤቱ በር ውጪ አላወጣችውም። እኔንም በሹክሹክታ፣ ጆሮዬን ይዛ፣ «ማንም ቢጠይቅህ ምች ነው በል» አለችኝ። ዛሬ ሳስበው አልፈርድባትም። ሳንባ ከገባበት ቤት፣ ከታማሚዋ አልጋ ሥር የወጣ ቅቤ ማን ይገዛል? ቅቤው ካልተሸጠ ደግሞ ወተቱም መርፌውም የለም። ሌላ የሚነገር በሽታ ፈልጋ አጣች፤ ጨጓራ አያስልም፤ ምች ግን ሁሉን ይችላል። ያስላል፣ ያተኩሳል፣ ያከሳል።

ምች ግን ሕግ አለው። ምች የመታው ሰው ፀሐይ አይወጣም፤ በር ዘግቶ፣ ተሸፋፍኖ፣ ዳማከሴ ተቀብቶ ይተኛል። ሐኪሙ ያዘዘላትን ፀሐይና አየር፣ እኛ የመረጥነው ውሸት ከለከላት። እትዬ ዘይነባ በማግሥቱ ዳማከሴ በእጃቸው እያሹ መጡ። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀበለቻቸውና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ልጄን ፀሐይ እኮ ነው የፈጃት» አለች። እልፍነሽ በጨለማው ውስጥ ጋቢ ተከናንባ፣ ዳማከሴው አፍንጫዋ ላይ ተደፍቶ፣ በዓይኗ ብቻ ትስቃለች።

መላ ያመጣችው እሷ ናት። አበባውን። ወደ ጋሽ ሸምሱ ላከችኝና አንድ የዘይት ቆርቆሮ ሰጡኝ፤ ሥሩን ብዙ ቦታ ይብሱልኝ ብላለች ስላቸው ምስማርና መዶሻ አንስተው እየበሱ፣ «እኔ ሰው የተበሳውን ድፈንልኝ ሲለኝ ነው የኖርኩት። ምን ልትነፋበት ነው?» አሉ። እኔ ከሚሠራ ሕንጻ አጠገብ አሸዋና የጡብ ስብርባሪ ለቅሜ አመጣሁ። ስብርባሪውን ከታች አደረገችው፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ከላይ፤ ከዚያ ቁራጩን አስተኝታ፣ ሥሮቹን በሁለት ወገን ወደ ታች አውርዳ፣ ጀርባውን ለሰማይ ተወችው። ፍግ አላስነካችውም። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየች። በእሷ አገር እንሰት ሲተከል ሥሩ በፍግ ይቀበራል፣ ይሸፈናል፣ ይዳበሳል፤ እርቃኑን ተክሎ መሄድ ጠላት በጠላት ላይ የሚያደርገው ነው። በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር፣ ማንም ሳያያት፣ በእግሯ ጣት ትንሽ አፈር ጀርባው ላይ ታደርጋለች። እልፍነሽ ደግሞ ጎንበስ ብላ በትንሿ ጣቷ ታነሳለታለች። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

እንዲህ ሆነና ፀሐይ የሚፈልገው አበባው ሆነ። «ማዳም አደራ ብለውኛል፣ ካልዞረ ይሞታል» እያለች ረፋድ ላይ ቆርቆሮውን ይዛ ትወጣለች፤ ቁራጯ ፀሐይ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ አጠገቡ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ፀሐይዋ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ቆርቆሮውም እሷም ይሄዳሉ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ወረድ ታደርግና ዓይኗን ትጨፍናለች። ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ቦታ ይለቁላታል፤ «የአበባዋ ሞግዚት መጣች» ይሏታል። ጋሽ ሸምሱ ከሥራቸው ቀና ብለው ያሾፉባታል።

«እልፍነሽ፣ ይሄ ሽንኩርትሽ መቼ ነው የሚያብበው?»

«ሽንኩርት አይደለም ጋሼ። ሲያብብ ጢም ያወጣል።»

«ምን አልሽኝ?»

«ጢም። እንደ እርስዎ፣ ሂና የተቀባ።»

መዶሻቸውን አስቀመጡ። «በይ ያን ቀን ጥሪኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ማን እንደሚያምር ግቢው ይፍረድ።»

«እጠራዎታለሁ» አለች። በዚያን ጊዜ ፊቷ ቀላ ብሎ ነበር፤ ከንፈሯ ላይ ሰው ሰው የሚል ቀለም መጥቶላት ነበር። ድናለች ብዬ ነበር እኔ። እናቴ ግን ደንበኛ በግቢው በር በገባ ቁጥር ከውስጥ ትጣራለች፤ «እልፍነሽ፣ ምቹ ይብስብሻል፣ ግቢ እንጂ!» ድምፅዋ ለእልፍነሽ አልነበረም፤ ለደንበኛዋ ነው። እልፍነሽ ተነስታ ትገባለች። አበባው እዚያው ፀሐዩ ላይ ይቀራል።

ያን ዓመት አላበበም። ማዳም ቀድመው ነግረዋታል፤ ተነቅሎ የተተከለ የመጀመሪያውን ዓመት ያኮርፋል ብለዋታል። ከዚያ ክረምት ገባ። የዚያ ግቢ ክረምት እንዴት እንደነበር መጻፍ አልችልም፤ ቆርቆሮው ጣራ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እናትህ አፏን ስታንቀሳቅስ ብቻ ነው የምታየው፤ ግድግዳው ያልባል፣ መሬቱ ያልባል፣ ጋቢው እርጥብ ነው። ቁራጯ ፀሐይ ጠፋች። እልፍነሽ አበባውን ከጣራው ጠብታ አርቃ ግድግዳ ሥር አስጠጋችው፤ ራሷን የምታስጠጋበት ግን አልነበራትም። ነሐሴ ላይ ደም አየን። ሐኪም ቤት አስተኟት።

እናቴ ለግቢው፣ አገር ቤት ዘመድ ጋ ሄዳለች ብላ ተናገረች። በየቀኑ ወተት በጠርሙስ ይዛ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ደግሞ እጇ ሥራ ፈታ። ያኔ ነው አበባውን መንከባከብ የጀመረችው። ልጇ ስትመለስ ወፍሮ፣ ፋፍቶ እንዲጠብቃት ፈልጋ፣ ከጋሪ ፈረሶቹ ማደሪያ ፍግ ለምና አመጣች፤ ጀርባውን ጥሩ አድርጋ አለበሰችው፤ ጧት ማታ አጠጣችው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆርቆሮው ፊት ተንበርክካ፣ በአገሯ ቋንቋ፣ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ ስታናግረው ሰማኋት። አልከለከልኳትም። ከልካይ እንደሚያስፈልግ አላወቅሁም ነበር፤ እኔም ያማረበት መስሎኝ ነበር።

እልፍነሽ ከመስቀል በኋላ ተመለሰች። ሦስት ሰው የሚያክል ጋቢ ውስጥ አንድ ትንሽ ፊት። ገና ከበሩ ስትገባ «አበባዬስ?» አለች። እናቴ እየሮጠች አመጣችላት። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተጋድሟል። ነካ ስታደርገው ከሥሩ ወልቆ በእጇ ቀረ፤ የገማ እንቁላል የመሰለ ሽታ ወጣ። እናቴ ቆማ አየችው።

እልፍነሽ አልተቆጣችም። ቢላዋ አምጣልኝ አለችኝና ቁራጩን ከፍጉ ውስጥ አወጣችው፤ ለስልሶ እንደ ገንፎ የሆነውን እየቆረጠች ጣለች፣ ቆረጠች፣ ጣለች፤ መጨረሻ ላይ የአውራ ጣት ያህል ነጭ፣ ጠንካራ ነገር ቀረ። ከምድጃው አመድ አንስታ ቁስሉን ቀባችው። «ተርፏል እኮ እማ» አለች። «ይድረቅ ብቻ። ፀሐይ ላይ አውጡት።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። «እኔ እኮ እንዳይበርደው ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አለቻት እልፍነሽ።

ከዚያ በኋላ እናቴ አፈር አላስነካችውም። ልጇን ግን ከቀድሞው የበለጠ ሸፈነቻት። አሁን ምች ነው ቢባል የሚያምን አይኖርም፤ ክንዷን ያየ ሁሉ ያውቃል። እናም እልፍነሽ ከቤት አትወጣም፣ በሩ አይከፈትም። በዚያ ዓመት በጋ ፀሐይ የሚሞቀው አበባው ብቻ ነበር። ጧት አወጣዋለሁ፣ ትምህርት ቤት ደርሼ ለምሳ ስመጣ ወደ ቧንቧው አዞረዋለሁ፣ እሷ በበሩ ስንጥቅ ታየኛለች። «ትንሽ ወደ ግራ» ትለኛለች ከውስጥ። «አሁን ቅጠሉ ጥላ ጣለበት። አዎ። እዚያ ጋ።» ጃንሆይ በገና ለተማሪ ከሚያድሉት ሹራብ ለእኔ የደረሰኝ ሰፊ ነበርና እሷ ትለብሰው ነበር፤ ሰፋት። ውርጩ ሲበረታ አበባውን ላስገባው ስላት እምቢ አለችኝ። ማዳም ብርድ ካልመታው አያብብም ብለዋታል። «እሱ ሁለቱንም ይወዳል፣ ብርዱንም ፀሐዩንም» አለችኝ። «ምቀኛ።»

የካቲት ላይ ከቅጠሎቹ መካከል አንድ ወፍራም አገዳ ወጣ። በየቀኑ ያድጋል። ከላይ አንድ፣ ከጎንና ከጎን ሌሎች፣ የተጠቀለሉ እምቡጦች ያዘ። ግቢው ሁሉ ማየት ጀመረ፤ ጋሽ ሸምሱ ሲያልፉ ቆም ብለው ያሸቱታል፤ ልጆች ይከብባሉ። የላይኛው እምቡጥ ጫፉ ቢጫ ሲል እናቴ ፈራች። ሊያብብ ነው፣ ሲያብብ ሰው ይመጣል፣ ሰው ሲመጣ የአበባው ባለቤት የት አለች ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ቆርቆሮውን አንስታ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ስለዚህ ያበበው ጨለማ ውስጥ ነው። ጧት ስነቃ እልፍነሽ ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ክፍላችን ውስጥ፣ ከቅቤው ሽታ በላይ፣ ያ የማርና የሎሚ ሽታ ሞልቷል። በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ክር ያህል ቢሆንም አበባው ያንኑ ክር ይዞ፣ ከውስጡ እንደሚበራ ነገር ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ጢሙን በጣቷ ጫፍ እየነካች ነበር።

«እማ» አለች፣ «አንድ ቀን ብቻ ወደ ውጪ እናውጣው። እኔም ልውጣ። ጋሽ ሸምሱን እጠራዎታለሁ ብያቸዋለሁ።»

«ስትድኚ» አለች እናቴ።

«እስከዚያ ይረግፋል እኮ።»

«ለከርሞ ያብባል።»

እልፍነሽ «እሺ» አለች። ሁለተኛ አልጠየቀችም። ያንን እሺ ግን እኔ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጋሽ ሸምሱ ከግድግዳው ማዶ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ነበር፤ እጅ ዘርግቶ ግድግዳውን ማንኳኳት ይበቃ ነበር።

የዚያ አበባ ጠባይ እንዲህ ነው፤ አንዱ ጥቂት ቀን ቆይቶ እንደ እርጥብ ወረቀት ይጨማደዳል፣ ከዚያ ከበታቹ ያለው ይከፈታል። ሁለተኛውንም አየችው። ሦስተኛው ሊከፈት ሲል፣ መጋቢት ገብቶ፣ በጧት ሞተች።

ለቅሶው በግቢው ውስጥ ነበር። ድንኳን የሚተከልበት ስፋት ስላልነበረ ሴቶቹ በረድፍ ሰሌን ላይ ተቀመጡ። ክፍሉ ሲጠረግ አንድ ሰው ቆርቆሮውን ወደ ውጪ አውጥቶት ኖሯል፤ ሦስተኛው አበባ ተከፍቷል። ጋሽ ሸምሱ ፊቱ ቁጢጥ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸው ጢማቸው ላይ ነበር። ከዚያ ተነስተው ወደ ወንዶቹ ሄዱ።

በሠልስቱ ከሩቅ የመጣች አንዲት ዘመድ ምን ሆና ነው ብላ ጠየቀች። እናቴ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ፣ ልማዷን «ምች ነው» አለች። «ምች ነው የገደለብኝ።»

እትዬ ዘይነባ አጠገቧ ነበሩ። ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«እትዬ ወለቴ፣ ይበቃዎታል። አሁንስ በእውነተኛው ያልቅሱላት። እኛ እኮ እናውቃለን።»

እናቴ ቀና አለች። «ምኑን ነው የምታውቁት?»

«ሳንባ እንደሆነ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣች ጊዜ ጀምሮ ነዋ። የእሷ ራስጌና የእኔ ራስጌ በአንድ ጭቃ ነው የሚለየው። ስትስል ነው የማድረው።»

«ግቢውስ?»

እትዬ ዘይነባ ወደ ሴቶቹ አዩ። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«ዳማከሴ አምጥተሽልኛል እኮ» አለች እናቴ።

«ምች ነው ሲሉኝ ታዲያ ምን ላምጣ? ሰው የከደነውን ጎረቤት ይገልጣል እንዴ? ገመናዎን ብለን ዝም አልን።»

«ቅቤዬን ትገዙኝ ነበር።»

«ገዛን። ቤትዎ ይዘጋ እንዴ ታዲያ?» አሉ። ከዚያ፣ እውነቱን ሁሉ ከተናገሩ አይቀር ብለው ይመስለኛል፣ «የበላነው አንጥረን ነው። ሌላውን ፀጉራችንን ተቀባነው። ሸምሱማ ጢሙን እስኪጠግብ ቀባው» አሉ። አንዷ ሴት በለቅሶ መሀል ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እናቴ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ረፋድ ነበር። ቁራጯ ፀሐይ ወጥታ ሰሌኑን፣ የሴቶቹን ጉልበት፣ ያንን ቆርቆሮ አልፋ ወደ ቧንቧው እየሄደች ነበር። እናቴ ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሳችም። ከዚያ ተነስታ ወደ ክፍላችን ሄደችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ እንዳይዘጋም ድንጋይ አስደገፈችው። ባዶው አልጋ ከውጪ ታየ። ምንም አልረባም፤ ፀሐይዋ ከደጃፉ አልፋ የምትገባ አልነበረችም፤ እሷ ዘንድ መውጣት ነበር የሚያስፈልገው።

ግቢው ዛሬ የለም፤ መጋዘን ተሠርቶበታል። ጋሽ ሸምሱ ወደ ሌላ ሰፈር ገቡ። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ናት፤ የምንኖርበት ቤት በረንዳ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል፤ እሷ ግን እዚያ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ብትቀመጪ ስላት፣ «እኔ ምን አሞኝ?» ትለኛለች። ያየሁትን አበባ አልነገርኳትም። ገዝቼው ብሄድ ኖሮ የት ነበር የማስቀምጠው?

ፀሐይ ያድናት ነበር አልልም። ብዙ ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሞቷል፤ መርፌውም ዘግይቶ ነው የደረሰላት። የእኔ ሒሳብ ከዚያ ያነሰ ነው። እኔ የማስበው እልፍነሽ በርጩማዋ ላይ፣ ጋሽ ሸምሱ ከጎኗ፣ ሴቶቹ ስለ ጢም እየፈረዱ፣ እየሳቁ፣ እሷም እየሳለችና እየሳቀች፣ ማንም ምንም ሳይደብቅ የሚያልፍ አንድ ረፋድ ነው። አንድ ብቻ። እሱ ነው የቀረባት። የከለከላት ሰው ደግሞ አልነበረም፤ እኛ ከእነሱ ስንሸሽጋት፣ እነሱ ለእኛ ሲሉ እንዳላዩ ሲሆኑ፣ ሁሉም ሰው ፍቅሩን በየበኩሉ እያለበሳት ነው ያለፈው። ፀሐይዋ ግን ያን ሁሉ በጋ በየቀኑ መጥታለች፤ ከበራችን ፊት ትንሽ ትቆይና፣ የሚወጣ ሰው ስታጣ፣ ወደ ቧንቧው ትሄድ ነበር።